ሕዋስን ከሕዋስ የሚያስረው ልጥ፦ ስለ አያያዥ ፕሮቲኖችና ካንሰር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከታች ካሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ከክፍል የመጡ ናቸው። የቀሩት ከቡና ላይ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ባህር ዳር ከሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተለቀሙ ናቸው። እዚህ አገር «ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ» ካልክ ግማሽ ሐኪም ነህ። እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም። ያመመው ሰው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እዚህ የምጽፈው ስለ አሠራሩ ነው።

ሕዋሶቻችን ምን ይዟቸው ነው የማይበታተኑት?

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው የመልሱን ግማሽ ያውቀዋል። ቋሚው ይተከላል። ማገሩ ይጋደማል። ማገሩን ከቋሚው ጋር የሚያስረው ግን ልጥ ነው። ቤቱ ተመርጎ ካለቀ በኋላ ልጡ አይታይም። ቤት ሊመርቅ የመጣ እንግዳ ጣሪያውን ያደንቃል፤ ልጡን የሚያነሳ የለም። ልጡ የበሰበሰ ቀን ግን ግድግዳው ይነግራችኋል።

ሰውነታችንም ልጥ አለው። አያያዥ ፕሮቲኖች እንበላቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ፣ ማለትም ሴል የምንለው፣ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ፕሮቲኖቹ በዚህ ሽፋን ላይ ተሰክተው ይቆማሉ። አንዱ ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ጎረቤትን ይጨብጣል። ሌላው ጫፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ለሕዋሱ ቅርጽ ከሚሰጡት ክሮች ጋር ይታሰራል። ስለዚህ የሚያያዙት ሁለቱ ሽፋኖች ብቻ አይደሉም። የአንዱ ቤት ማገር ከጎረቤቱ ቤት ማገር ጋር ነው የሚታሰረው።

ወገናቸው ብዙ ነው። ካድሄሪኖች ሕዋስን ከሕዋስ ያያይዛሉ። ኢንቴግሪኖች ደግሞ በአብዛኛው ሕዋስን ከሥሩ ከተነጠፈው የፕሮቲን ምንጣፍ ጋር ያስራሉ። በሰው ላይ 24 ዓይነት ኢንቴግሪን ይታወቃል። ሴሌክቲኖች ነጭ የደም ሕዋሶችን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ለአፍታ ያዝ እያደረጉ ያንከባልላሉ። ቁስል ያለበት ቦታ ሲደርሱ እንዲቆሙ ነው። አራተኛው ወገን ከአንቲቦዲ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ነርቮች ላይ በብዛት ይገኛል።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ገብቶታል። በአንድነት የሚሠሩ ሕዋሶችን «ኅብረ ሕዋስ» ነው የምንለው። ኅብረቱን የሚፈጥረው እንግዲህ ይህ ልጥ ነው።

ታዲያ ሙጫ ናቸው ብንል ምን ችግር አለው?

ሙጫ አይመርጥም። ወረቀትም ጣትም ያጣብቃል። እነዚህ ግን ይመርጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1907 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የባሕር ስፖንጅ ወሰደና በሐር ጨርቅ ውስጥ ጨምቆ አሳለፈው። ጠላ ስታጠል ያየኋትን እናቴን ነው የሚያስታውሰኝ። እንስሳው ተበጣጥሶ የሕዋስ ጉሽ ሆነ። ጥቂት ቆይተው ሕዋሶቹ ተፈላለጉ። ተሰባሰቡ። እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። በ1955 ደግሞ ታውንስና ሆልትፍሬተር የእንቁራሪት ወገን የሆኑ ፅንሶችን ሕዋሶች ለያይተው ቀላቀሉ። ቆዳ የሚሆኑት ወደ ውጭ ወጡ፤ ነርቭ የሚሆኑት ወደ ውስጥ ገቡ። የቅዳሜ ገበያ ሲበተን አስቡት። ሁሉም ተደበላልቆ ይቆይና ማታ ላይ የየመንደሩ ሰው ከየመንደሩ ጋር መንገዱን ይይዛል። ማንም አልመደበውም፤ ተዋውቆ ነው።

ያን ጊዜ የሚተዋወቁበት ነገር ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። ከዋነኞቹ አንዱን ያገኘው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው። አገኛኘቱ ራሱ ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ከኪዮቶ ተነስቶ አሜሪካ ባልቲሞር ሄደ። ኪዮቶ ላይ ሲሠራ ሕዋሶቹን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይለያያቸውና ወዲያው መልሰው ይጣበቁለት ነበር። ባልቲሞር ላይ ያንኑ ቢያደርግ አልጣበቅ አሉ። አንድ ሰው ሌላ ቤት ሄዶ እንጀራው አልወጣ ሲለው ምን ያደርጋል? ሊጡን፣ ውኃውን፣ ምጣዱን አንድ በአንድ ያጣራል። እሱም አጣራ። ልዩነቱ የባልቲሞሩ ትሪፕሲን ካልሲየምን የሚያስወግድ ኬሚካል የተጨመረበት መሆኑ ነበር። ካልሲየም ካለ ፕሮቲኑ ጠንክሮ ይቆማል፤ ኢንዛይሙም አይቆርጠውም። ካልሲየሙ ሲወሰድ ይልፈሰፈስና ይበላል። ከዚያ ተነስቶ ፕሮቲኑን አሳድዶ ያዘው። በ1984 ካድሄሪን ተባለ፤ በካልሲየም የሚይዝ እንደማለት።

ወተት አብዝቼ ብጠጣ ሕዋሶቼ ይበልጥ ይጣበቃሉ?

አይጣበቁም። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በጠባብ ልክ ነው የሚጠብቀው። ወተቱን ለአጥንታችሁ ጠጡት።

ፅንስ ላይ ሥራቸው ምንድን ነው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ የነገሩ ሁሉ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ካንሰሩን ለመረዳትም መጀመሪያ ይህን ማየት ይጠቅማል።

ከፅንሰት በኋላ ያችን አንዷን ሕዋስ ተከተሏት። ሁለት ትሆናለች። አራት። ስምንት። እስካሁን እንደ ወይን ዘለላ ናቸው፤ እያንዳንዷ ክብ ሆና ትታያለች። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አካባቢ ድንገት ተጠጋግተው ይጣበቃሉ። በመካከላቸው ያለው ስርጉድ ይጠፋል። ዘለላው አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ከካድሄሪኖቹ አንዱ የሆነው ኢ-ካድሄሪን ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የተወሰደባቸው የአይጥ ፅንሶች ማኅፀን ላይ በሚተከሉበት ጊዜ አካባቢ ይሞታሉ። ከዚያ አያልፉም።

ቀጥሎ የነርቭ ነገር ይመጣል። የፅንሱ ጀርባ ላይ ያለው ንጣፍ ይታጠፍና ቱቦ ይሆናል። ይህ ቱቦ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ነው። ቱቦው ከላዩ ካለው ቆዳ መላቀቅ አለበት። እንዴት ይላቀቃል? ቱቦ የሚሆኑት ሕዋሶች ኢ-ካድሄሪንን ይጥሉና ሌላውን ዓይነት፣ ኤን-ካድሄሪንን፣ ይለብሳሉ። ቆዳ የሚሆኑት ኢ እንደለበሱ ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ኤን ከኤን ጋር፣ ኢ ከኢ ጋር ይይዛል። ቢላ የለም፤ መቀስ የለም። ልብስ በመቀየር ብቻ ተለያዩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ይህ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ብዙ እናት በዚያን ጊዜ ማርገዟን ገና አላወቀችም። ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ወይም ጭንቅላቱ ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የአያያዥ ፕሮቲን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ፎሊክ አሲድ አደጋውን በብዙ እንደሚቀንሰው የተረጋገጠ ነው። በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከማርገዝ በፊት ጀምሮ። «ካረገዝኩ በኋላ እጀምራለሁ» ማለት ዝናቡ ካለፈ በኋላ ክዳን እንደመክደን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይህን ስናገር ወንዶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ለእህታቸው ይነግሩልኛል።

ወደ ቱቦው ልመለስ። ከቱቦው ጫፍ ላይ አንድ ጉደኛ ወገን ይነሳል። የነርቭ ጉብታ ሕዋሶች ይባላሉ። ጎረቤቶቻቸውን የያዙበትን እጅ ይለቃሉ። ቅርጻቸውን ይቀይራሉ። በፅንሱ ውስጥ ረጅም ጉዞ ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ የፊት አጥንት ይሆናሉ። አንዳንዶቹ የአንጀት ነርቭ። አንዳንዶቹ ቆዳችንን የሚያጠይሙት ሕዋሶች። ሲደርሱ እንደገና ይይዛሉ፤ ይሰፍራሉ። መልቀቅ፣ መሄድ፣ መስፈር። ይህ የጤና ሥራ ነው። ሦስቱን ቃላት ያዙልኝ፤ ካንሰር ላይ እንፈልጋቸዋለን።

ካንሰር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በተነሳበት ቦታ አይደለም። ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። የጡት ካንሰር ጡት ላይ ብቻ ቢቀር ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ሲደርስ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ለመሄድ ደግሞ መልቀቅ አለበት። ብዙ የካንሰር ሕዋሶች ያንን የፅንስ ዘመን ዘዴ ከመዝገብ ቤት አውጥተው ይጠቀሙበታል። ኢ-ካድሄሪንን ይቀንሳሉ። አንዳንዴ ኤን-ካድሄሪንን ይለብሳሉ። ቅርጻቸው ይረዝማል፤ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አዲስ ተንኮል አልፈጠሩም። ሁላችንም በማኅፀን ሳለን የሠራንበትን አሮጌ መመሪያ ያለ ጊዜው ከፈቱት።

ግን መልቀቅ ብቻውን አያዋጣም። ጤነኛ ሕዋስ ከምንጣፉ ቢላቀቅ ራሱን ይገድላል። ኢንቴግሪኖቹ ምንም ካልያዙ «ቦታህ ላይ አይደለህም» የሚል መልእክት ይደርሰዋልና። ይህን ዓይነቱን ሞት በ1994 ስም ያወጡለት ተመራማሪዎች ከግሪክ ቤት አልባነት የሚል ትርጉም ያለው ቃል ወሰዱ። የኛ ሰው ካገሩ ስለወጣ ሰው «ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላል። የካንሰር ሕዋስ እንዲያ ነው። ተጭኖም ተለጉሞም ይኖራል። ቤት አልባነቱን ችሎ ደም ውስጥ ይገባል። እዚያም አብዛኛው ይሞታል። ደም ውስጥ ከገቡት ሕዋሶች ከመቶ አንዷ እንኳ አዲስ ዕጢ አትመሠርትም። ያመለጠችው ግን የደም ሥር ግድግዳ ይዛ መቆም አለባት። እዚህ ላይ የነጭ የደም ሕዋሶቹን ሴሌክቲን ትዋሳለች። ቀጥሎ በኢንቴግሪኖቿ አዲሱን ምንጣፍ ትይዛለች።

ለምን አንዱ ካንሰር አጥንት፣ ሌላው ጉበት ይመርጣል? እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በ1889 የ735 የጡት ካንሰር ሕሙማንን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ካገላበጠ በኋላ የመለሰውን መልስ የጎጃም ገበሬ ይረዳዋል። ዘሩ በነፋስ በየቦታው ይበተናል፤ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ብቻ ነው። የጮቄ ገብስ ዓባይ በረሃ ቢዘሩት አይሆንም። ዛሬ «አፈሩ ተስማማ» ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ በዘሩና በአፈሩ መካከል ያለው የአያያዥ ፕሮቲኖች መግጠም እንደሆነ እናውቃለን። የደም ፍሰቱ መንገድም ድርሻ አለው። የአንጀት ደም በቅድሚያ ጉበት ውስጥ ነው የሚያልፈው። የአንጀት ካንሰርም ጉበት ማብዛቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ካንሰር ማለት ልጡ የተበጠሰበት ሕዋስ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ሳገኝ ደስ ይለኛል። መልሱ «አይደለም» ስለሆነ።

አንደኛ፣ ልጡ ልጥ ብቻ አይደለም። ስልክም ነው። ቤታ-ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን አለ። ኢ-ካድሄሪንን ከውስጠኛው ክር ጋር ከሚያስሩት አንዱ ነው። ይኸው ፕሮቲን ነጻ ከሆነና ከተጠራቀመ ወደ ኒውክለስ፣ ዘረመሉ ወደሚቀመጥበት የሕዋሱ እምብርት፣ ይገባና «ተባዙ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ጤነኛ ሕዋስ ትርፉን ቶሎ ያጠፋዋል። ከሚያጠፉት ፕሮቲኖች አንዱ ኤፒሲ ነው። በአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ትርፉ ይከማቻል፤ ትእዛዙም አያቋርጥም። አያችሁ፣ የያዘው እጅና የሚናገረው አፍ አንድ ሰው ነው።

ጤነኛ ሕዋሶችን ሳህን ላይ ብታሳድጓቸው እስኪነካኩ ድረስ ይባዛሉ፤ ሳህኑን ሲሸፍኑት ይቆማሉ። ጎረቤት ነካኝ፣ ይበቃል ይላሉ። የካንሰር ሕዋሶች ቢነካኩም አይሰሙም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይከመራል። አጥር መግፋት በሉት።

ሁለተኛ፣ ልጡን ሳይበጥሱ የሚሰራጩ ካንሰሮች አሉ። ተያይዘው በቡድን ይሄዳሉ። ጡቱን በሙሉ የሚያቀላውና የሚያሳብጠው አደገኛ የጡት ካንሰር ኢ-ካድሄሪኑን እንደያዘ ነው የሚዛመተው። በ2019 የወጣ የአይጥ ጥናትማ በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ኢ-ካድሄሪን ሲወሰድ ሕዋሶቹ በጉዞ ላይ ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። ለረጅም ጊዜ «ኢ-ካድሄሪን ጠባቂ ነው፣ ሲጠፋ ካንሰር ይሄዳል» ብለን አስተምረናል። እኔም አስተምሬአለሁ። ትክክል የሚሆንባቸው ካንሰሮች አሉ። ሁሉም ግን እንዲያ አይደሉም።

እብጠት ሳይኖር የጡት ካንሰር ሊኖር ይችላል?

ይችላል፤ ምክንያቱም ይኸው ልጥ ነው።

ባህር ዳር የሚሠራ አንድ የፓቶሎጂ ባለሙያ (ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና የሚመረምር) ጓደኛዬ አንድ ቀን ሁለት ስላይዶች በአጉሊ መነጽር አሳየኝ። በመጀመሪያው ላይ ሐምራዊ ሕዋሶች ተሰብስበው፣ ተጨናንቀው፣ እንደ ደሴት ቆመዋል። ይህ የተለመደው ዓይነት ነው። ሁለተኛውን ሳይ መጀመሪያ ምንም የለም አልኩት። «ቀስ በል» አለኝ። ሮዝ በሆነው ክር መሀል አንድ ሕዋስ አየሁ። ከኋላዋ ሌላ። ከኋላዋ ሌላ። እንደ ጉንዳን መስመር ተሰልፈው በነጠላ ይሄዳሉ። ማንም ማንንም አልያዘም። ይህ ሎቡላር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶውን ይይዛል። ኢ-ካድሄሪን ስለሌለው ሕዋሶቹ ኳስ አይሠሩም። ኳስ ካልሠሩ እጅ ላይ የሚገኝ ጠጣር ነገር ላይኖር ይችላል። በጡት ራጅም ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ እብጠት ብቻ አትፈልጉ። ቆዳ ሲወፍር፣ ሲሰረጉድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ አንዱ ጡት ቅርጹን ሲቀይር፣ ባያምም ሂዱ። ባያምም የሚለውን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ባያምም።

ጨጓራ ላይም ተመሳሳይ አለ። ኢ-ካድሄሪን ያጡ ሕዋሶች በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ በየአንዳንዳቸው ይሰርጋሉ። ግድግዳው ይወፍራል፤ ይደርቃል። መጨረሻው ላይ ጨጓራው እንደ ደረቀ አቁማዳ አልለጠጥ ይላል። ሰውየው ሁለት ጉርሻ ሲበላ ይጠግባል። ላዩ ብዙም ያልተቀየረ ሊመስል ስለሚችል ነው ሐኪሞች በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከተለያየ ቦታ ብዙ ናሙና የሚወስዱት።

«ከእኛ ቤት ሦስት ሰው በጨጓራ ሞቷል። በዘር ይሆን?»

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። አንድ ቤት የሚኖር ሰው ዘር ብቻ አይደለም የሚጋራው። ውኃውን፣ ጭሱን፣ ምግቡን፣ ባክቴሪያውንም ይጋራል።

በዘር የሚመጣው ግን እውነት አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ አንድ ቤተሰብ ነበር። ወጣቶቹ ሳይቀሩ በጨጓራ ካንሰር ያልቁ ነበር። የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ለተመራማሪዎችም የሰጡት እነሱ ናቸው። በ1998 ፓሪ ጊልፎርድና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አገኙ። በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የኢ-ካድሄሪን ዘረመል፣ ሲዲኤችዋን፣ ተሰብሯል። ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሴቶች ላይ የሎቡላር ጡት ካንሰርንም ይጨምራል። ብዙ የቤተሰቡ አባላት ካንሰሩ ከመምጣቱ በፊት ጨጓራቸውን አስወጥተው በጤና ኖረዋል። እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር ለጋብቻ ብቻ ነው ያለው ማነው? ማን በስንት ዓመቱ፣ በምን ሞተ የሚለውንም አብራችሁ ጻፉት። ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለው የዘር ስብራት ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ሦስት ሰው ሞቷል ብላችሁ ሌሊቱን ሳትተኙ እንዳታድሩ።

ኤች ፓይሎሪ አለብህ ተባልኩ። ይህስ ከነገሩ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። ከተማችን ውስጥ «ጨጓራዬን» ያላለ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። የቡሬ በርበሬ ነው የሚከሰሰው። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ይህ ባክቴሪያ ነው።

ኤች ፓይሎሪ መጀመሪያ ራሱ መጣበቅ ይችልበታል፤ የጨጓራን ግድግዳ የሚይዝበት የራሱ ፕሮቲን አለው። ቀጥሎ የኛን ልጥ ይቆርጣል። ኤችቲአርኤ የሚባል መቁረጫ ኢንዛይም አለው፤ ኢ-ካድሄሪንን ከውጭ በኩል ይበጥሳል። በሕዋሶቹ መካከል ሾልኮ ይገባል። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ካግኤ የተባለ ፕሮቲን እንደ መርፌ ሕዋሱ ውስጥ ይወጋል፤ ያም የውስጡን መያያዣ ያናጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ማዕከል በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። ይህ ማለት ግን ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። አብዛኛው አይይዘውም።

የታዘዘላችሁን መድኃኒት ጨርሱት። ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ የሚታዘዘው ከሦስት የማያንስ መድኃኒት ነው፤ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ አፍ ያመራል። በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን ማሰልጠን ነው። ተልባ ብትጠጡ ሆዳችሁን ያለሰልሰዋል፤ ባክቴሪያውን አይገድልም። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ግን ተልባውን አስቀምጡና ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሂዱ።

ካንሰርን ብረት፣ ማለትም መርፌ ወይም ቢላ፣ ከነካው ይበተናል ይባላል። እውነት ነው?

እትዬ፣ የሠፈራችን ትልቅ ሴት፣ ቡና እየቀዱ ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ጉብታው ዝም ሲሉት ዝም ይላል፤ ብረት ሲነካው ነው የሚጨርሰው ይላሉ።»

«እትዬ፣ ብረቱ የነካው ዘግይቶ ነው» አልኳቸው።

«እንዴት ማለት?»

ሰው ጠበሉንም፣ ቅጠሉንም፣ ዝምታውንም ከሞከረ በኋላ ነው ናሙና የሚሰጠው። ያን ጊዜ ካንሰሩ ከሄደ ሰንብቷል። ከዚያ ሰውየው ሲሞት ጎረቤት የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። ላይ እንዳየነው ሕዋስ ስለተፈናቀለ ብቻ ሌላ ቦታ አይበቅልም፤ ቤት አልባነቱን ማለፍ፣ መያዝ፣ መስፈር አለበት። በመርፌ መንገድ ላይ የሚበቅል ካንሰር በጣም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። አደጋው ከፍ የሚልባቸውን ዓይነቶች ሐኪሞች ያውቋቸዋል፤ አወሳሰዱንም በዚያ ልክ ያቅዳሉ። ናሙና ሳይወሰድ ግን የትኛው ካንሰር እንደሆነ አይታወቅም። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እትዬ ሦስተኛውን ሲኒ ቀድተው «እንዲያ ነው እንጂ» አሉ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

በደም የሚታይ ምርመራ የለም?

ሲኢኤ የሚባል አለ። በ1965 ነው የተገኘው። የሚገርመው እሱ ራሱ አያያዥ ፕሮቲን ነው። ለአንጀት ካንሰር ሕሙማን ከሕክምና በኋላ ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ለመከታተል ይጠቅማል። ጤነኛ ሰው ካንሰር እንዳለበት ለማወቅ ግን አይሆንም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ከፍ ይልበታል።

እነዚህን ፕሮቲኖች የሚጠግን መድኃኒት አለ?

የተቆረጠውን ልጥ መልሶ የሚያስር እስካሁን የለም። የጨበጠውን እጅ ለማስለቀቅ የተሞከረ አለ። ሲሌንጂታይድ የሚባል መድኃኒት ኢንቴግሪንን ይዘጋል። ለአንጎል ካንሰር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ2014 የታተመው ትልቁ ሙከራ ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳየና ቀረ። ኢንቴግሪን በየቦታው አለ፤ አንዱን ብትዘጋው ሌላው ይይዛል።

የተሳካው ሌላ ብልሃት ነው። ኔክቲን-4 የሚባል አያያዥ ፕሮቲን የሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ በብዛት ይገኛል። ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን የተባለው መድኃኒት ፕሮቲኑን እንደ አድራሻ ይጠቀምበታል፤ ያን በር ያንኳኳና መርዙን ያስረክባል። አሜሪካ ውስጥ በ2019 ተፈቀደ። ዋጋው ለኛ የማይታሰብ ነው።

ቆዳ ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስልስ?

ሁሉም አይደለም። ፔምፊገስ የሚባል ሕመም ግን አለ። ሰውነት ዴስሞግሌይን የተባለውን የቆዳ ካድሄሪን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ቆዳው በጣት ሲገፋ ይላጣል። ካንሰር አይደለም፤ አይተላለፍም። ሕክምናው ግን መዘግየት የለበትም።

የቀለም ሕዋሶቹን ነገር እዚህ ላንሳ። ከነርቭ ጉብታ ተነስተው ቆዳ ላይ የሰፈሩት ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው በኢ-ካድሄሪን ይዘው ያስቀምጧቸዋል። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ኤን-ካድሄሪን ይለብሱና እንደገና መንገደኛ ይሆናሉ። ጥቁር ሰው ላይ ይህ ካንሰር በብዛት የሚወጣው እግር መዳፍ ላይ ነው። እግራችሁን ስትታጠቡ ገልብጣችሁ እዩት።

ተማሪ ነኝ። ይህን ነገር በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

ፕሮቲኑን አታዩትም። ሥራውን ግን ታያላችሁ። ንጹሕ የጥርስ እንጨት ውሰዱ። የጉንጫችሁን ውስጥ በጠፍጣፋው ጎን ቀስ ብላችሁ ፋቁ። መስታወቱ ላይ ከአንድ ጠብታ ውኃ ጋር ቀቡት። ትንሽ አዮዲን ጨምሩ። መሸፈኛውን አድርጉና በትንሹ ሌንስ ጀምሩ። ቢጫ ሆነው የተጣጠፉ ሰፋፊ ቅጠሎች የመሰሉ ሕዋሶች ታያላችሁ። በየመሀላቸው ነጥብ አለች፤ ኒውክለሷ ናት።

አሁን ልብ በሉ። አብዛኞቹ ለየብቻቸው ናቸው። እንዲሁ በእንጨት ስትነኩ ወጡላችሁ። የላይኞቹ ሕዋሶች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ልጣቸውን ፈትተዋልና። ከሥር ያሉት ግን በእንጨት አይወጡም። አንዳንዴ ሁለት ሦስቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይመጣሉ። እኛ ክፍል ለስድሳ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያለው። ባለፈው እነዚያን ሦስቱን ያገኘች ልጅ ቦታዋን አልለቅም ብላ ደወል እስኪደወል ወረፋው ቆመ።